ግፊትዎ የተለካው በየትኛው ክንድ ነው?



በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ገንዘብ አያስወጣም፣ አዲስ መሣሪያ አያስገዛም፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይም አይወስድም። ሆኖም ብዙ ሰዎች «ግፊት የለብህም» ተብለው በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱና ከዓመታት በኋላ ባልጠበቁት ሰዓት እንዲወድቁ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ጉዳዩ የደም ግፊትን በሁለቱም ክንዶች የመለካት ጉዳይ ነው።

በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በውርጌሳም ሆነ በሐራ፣ ስለ ግፊት ሲወራ አንድ የተለመደ ቅሬታ ይሰማል። «ጤና ጣቢያ ስለካ 130 አሉኝ፤ መድኃኒት ቤት ስለካ 150 ሆነ፤ የማንን ልመን?» ይባላል። አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በመሣሪያው ወይም በለኪው ላይ ይጥላል። በእርግጥ መሣሪያ ሊሳሳት ይችላል። ሰውየው ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ ተለክቶ፣ ወይም ገና ቡና ጠጥቶ መጥቶ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ በመጀመሪያው ቦታ የተለካው በየትኛው ክንድ ነበር? በሁለተኛውስ?

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ማንኛውም አዋቂ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ በሁለቱም ክንዶቹ ሊለካ ይገባዋል። ከፍ ያለ ቁጥር የተገኘበት ክንድ በካርዱ ላይ ተጽፎለት፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በዚያው ክንድ ሊለካ ይገባዋል። ይህን ደግሞ ሕክምና የሰጠን ባለሙያ ቢዘነጋው እንኳ እኛ ተለኪዎቹ ልንጠይቅ ይገባናል።

ሁለቱ ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

ልብ ደምን ወደ ሰውነት ስትገፋ ደም በደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና የደም ግፊት ይባላል። በካርዳችን ላይ ከላይ የሚጻፈው ቁጥር ልብ ስትኮማተር ያለው ጫና ነው። ከታች የሚጻፈው ደግሞ ልብ ዘና ስትል የሚቀረው ጫና ነው። 120 በ80 ሲባል የመጀመሪያው 120፣ ሁለተኛው 80 ማለት ነው። በጤና ተቋም ውስጥ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል።

ክንድን በሚነፋ ጨርቅ አስሮ ግፊትን መለካት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ዘዴውን ያስተዋወቀው ሪቫ ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር። ኮሮትኮፍ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ተከትሎ ሁለቱንም ቁጥሮች ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬም በጤና ጣቢያዎቻችን የምናየው አሠራር ከዚያ የመጣ ነው። ክንድ የተመረጠው ለመለካት ስለሚመች ነው። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ግን የክንዱን ግፊት አይደለም። ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም በምን ያህል ጫና እንደሚሄድ ነው። ክንዱ የዚያ ምስክር ነው። ምስክሩ እውነቱን ካጎደለ ፍርዱም ይጎድላል።

ለምን ይለያያል?

ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ቅዳ ወደ ሁለቱም ክንዶች ቅርንጫፍ ይልካል። የግራ ክንዱ ቧንቧ በቀጥታ ከታላቁ ደም ቅዳ ይነሣል። የቀኙ ደግሞ በስተቀኝ ወደ አንገትና ወደ ራስ ከሚሄደው ጋር አንድ ግንድ ሆኖ ይወጣና ከዚያ ይለያል። በዚህና በመሳሰሉት ምክንያቶች በሁለቱ ክንዶች መካከል ትንሽ ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው። የላይኛው ቁጥር ከ10 ባነሰ ቢለያይ አያስጨንቅም።

ልዩነቱ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆንና በተደጋጋሚ ሲታይ ግን ከአንዱ ክንድ ቧንቧ ውስጥ አንድ ነገር ሊኖር ይችላል። በአብዛኛው ምክንያቱ ስብና ካልሲየም የደም ቅዳውን ግድግዳ አወፍረው መተላለፊያውን ማጥበባቸው ነው። ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና ራሱ የደም ግፊት ይህን ያፋጥናሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነጥብ አለ። ሁለት ቁጥር ሲነገረን የታመመው ክንድ ከፍ ያለው ይመስለናል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጠባብ የሆነው ቧንቧ ያለበት ክንድ ዝቅ ያለውን ቁጥር ያሳያል። ጉዳዩን ለመረዳት የሀብሩ ገበሬ የሚያውቀውን የመስኖ ቦይ ማሰብ ይበቃል። ከአንድ ወንዝ ሁለት ቦይ ተጠልፎ አንደኛው ደለል ቢሞላው፣ በዚያ ቦይ በኩል ያለው ማሳ የሚደርሰው ውኃ ይቀንሳል። ያን ማሳ ብቻ ያየ ሰው «ወንዙ ጎድሏል» ሊል ይችላል። ወንዙ ግን ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ሊያጥለቀልቅ ነው። የወንዙን ትክክለኛ ሁኔታ የሚነግረን ያልተደፈነው ቦይ ነው። ከፍ ያለውን ክንድ የምናምነው ስለዚህ ነው።

«የግራ ክንድ ለልብ ስለሚቀርብ ቁጥሩ ከፍ ይላል» የሚል አባባልም አለ። ይህ መሠረት የለውም። በአንዳንዱ ሰው ቀኙ፣ በአንዳንዱ ግራው ከፍ ይላል። በግምት የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ ሁለቱንም ለክቶ ማየት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

ይህ የአንድ ሐኪም ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል የ15 እና ከዚያ በላይ ልዩነት ያለባቸው ሰዎች የእግር ደም ቧንቧ መጥበብና ቀድሞ የደረሰ የአንጎል ደም ሥር ሕመም እንደሚበዛባቸው፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸውም ከፍ እንደሚል አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ሥራ ከ24 ጥናቶች የተሰበሰበ የ54 ሺህ ገደማ ሰዎችን መረጃ መረመረ። መረጃው ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከእስያ የመጣ ነበር። የልዩነቱ አደገኛነት ከ10 ጀምሮ እንደሚቆጠርና ልዩነቱ በጨመረ ቁጥር በልብ ድካምና በስትሮክ የመያዝ ሥጋትም እንደሚጨምር አሳየ።

ከዚሁ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሌላ ትንተና ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ዝቅ ባለው ክንድ ሲለኩ ከግፊት ነፃ ከሚመስሉት ውስጥ፣ ከፍ ባለው ክንድ ሲለኩ ከጠቅላላው ተለኪ ከ10 ሰዎች አንዱ ገደማ ግፊት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። አሥር ሰው በተሰለፈበት ወረፋ አንዱ በስህተት «ነፃ ነህ» ተብሎ ይመለሳል ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የደም ግፊት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረመር በሁለቱም ክንዶቹ እንዲለካ፣ የማይለወጥ የ10 እና ከዚያ በላይ ልዩነት ከታየ ከፍ ያለው ክንድ እንዲወሰድ፣ ልዩነቱ ከ20 ካለፈ ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ እንዲታሰብ ይመክራል። ስለዚህ እየጠየቅን ያለነው የተለየ ውለታ አይደለም።

ዝቅ ያለውን ማመን የሚያስከፍለው ዋጋ

ለምሳሌ ያህል አንዲት የ55 ዓመት እናት እናስብ። በግራ ክንዳቸው ሲለኩ 134 በ84 ይሆናል። በቀኝ ክንዳቸው ቢለኩ ግን 152 በ92 ነው። ለኪው ግራውን ብቻ ከለካ «እናቴ፣ ደህና ነዎት» ብሎ ያሰናብታቸዋል። እርሳቸውም ጨው አይቀንሱም፣ ክትትል አይጀምሩም፣ ልጆቻቸውም አይጨነቁም። አንጎላቸውና ኩላሊታቸው ግን በየቀኑ የ152 ጫና ይሸከማሉ። ግፊት ሕመም የለውም፤ ራስ ምታት ሳያሳይ ዓመታት ይቆያል። የመጀመሪያው ምልክት አፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን ሽባነት ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት የጀመረውም ሰው ከዚህ ችግር አያመልጥም። በዚህ ወር በግራ፣ በሚቀጥለው ወር በቀኝ ክንዱ ከተለካ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። አንዱ ባለሙያ «መድኃኒቱ ሠርቷል» ይላል፤ ሌላው «አልሠራም፣ ይጨመር» ይላል። ታካሚውም ግራ ተጋብቶ በመጨረሻ መድኃኒቱን ይተወዋል።

ጉዳቱ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ከ100 ሰዎች 16 ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቀው ደግሞ በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 46 በመቶው እንዳለባቸው አያውቁም። በሁለቱም ክንዶች ያለመለካት ልማድ ይህን የማያውቅ ሕዝብ ቁጥር ያበዛዋል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ውስጥ አልፈዋል። በክልሉ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በየወሩ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው ክትትሉ ተቋረጠበት፤ የብዙ ሰው ካርድም ጠፋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል። ካርዱ የጠፋበት ሰው ክትትሉን እንደ አዲስ ሲጀምር፣ ቀድሞ በየትኛው ክንዱ ይለካ እንደነበር የሚያስታውስ መዝገብ የለውም። አዲሱ ካርድ ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሁለቱም ክንዶች ቁጥር ቢሰፍር ለሰውየው የሚተርፍ ጥቅም አለው።

«ወረፋው ረጅም ነው» ለሚሉን

የጤና ባለሙያዎቻችን ያለባቸውን ጫና እናውቃለን። አንድ ነርስ በአንድ ጠዋት እጅግ ብዙ ሰው ይለካል። «አንዱንም ለክቼ አልጨርስ፣ ሁለቱን እንዴት?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ግን ቀላል ነው። ሁልጊዜ በሁለቱም ይለካ አላልንም። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በዓመት አንዴ ቢደረግ ይበቃል። በቀሩት ቀናት በካርዱ ላይ «ቀኝ» ወይም «ግራ» የሚለውን አንድ ቃል አይቶ በዚያው መለካት ነው። ይህ ሥራ ከመጨመር ይልቅ «ለምን ወጣ፣ ለምን ወረደ» የሚለውን ክርክር ይቀንሳል።

«ሰውን በከንቱ ማስፈራት ነው» የሚል ተቃውሞም ይነሣል። ይህ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። አንዱን ክንድ ለክቶ ቀጥሎ ሌላውን ሲለኩ ቁጥሩ በራሱ ይለዋወጣል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልኬት በፍርሃት ምክንያት ከፍ ስለሚል መጀመሪያ የተለካው ክንድ ከፍ ያለ ይመስላል። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ የታየ ልዩነት ለፍርድ አይበቃም። ልዩነቱ ደጋግሞ ሲታይ ነው ቁም ነገር የሚሆነው። ግፊት ካለባቸው ሰዎች ከ100 ወደ 11 በሚጠጉት፣ ስኳር ካለባቸው ከ100 ወደ 7 በሚጠጉት፣ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ግን ከ100 ወደ 4 በሚጠጉት ላይ ብቻ ነው የ10 እና ከዚያ በላይ እውነተኛ ልዩነት የሚገኘው። አብዛኞቻችን ተለክተን ሁለቱ ተቀራራቢ ሆነው አልሐምዱሊላህ ብለን እንመለሳለን።

ስለ እጅጌና ስለ ሐያእ

በእኛ ማኅበረሰብ ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር አለ። መለኪያው የሚታሰረው በባዶ ክንድ ላይ ነው። በወፍራም እጅጌ ላይ ቢታሰር ቁጥሩ አይታመንም። ጠባብ እጅጌን ለዉዱእ እንደሚሰበሰበው ወደ ላይ ጠቅልሎ መለካትም ችግር አለው፤ የተጠቀለለው ልብስ ራሱ ክንዱን እንደ ገመድ ያንቀዋል። ብዙ እህቶቻችንና እናቶቻችን ክንዳቸውን መግለጥ ስለሚከብዳቸው በልብስ ላይ ይለካሉ፤ ወይም አንዱን ክንድ እንደምንም ካሳዩ በኋላ ሁለተኛውን ማሳየት አይፈልጉም። ሐያእ የኢማን አካል መሆኑን እናምናለን። መፍትሔውም አስቸጋሪ አይደለም። ለምርመራ በሚሄዱበት ቀን ከላይ ከሚደረበው ልብስ በታች ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ፣ ሴት ባለሙያ እንድትለካቸው መጠየቅ፣ መጋረጃ እንዲጋረድ ማድረግ ይቻላል። የጤና ተቋማትም ይህን ጥያቄ በቀና መንፈስ ሊቀበሉት ይገባል። ሴት ባለሙያ በማይገኝበት ጊዜ ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መግለጥ እንደሚፈቀድ ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ።

ሌላው ልማዳችን ቀኝን ማስቀደማችን ነው። በቀኝ እንበላለን፣ በቀኝ እንሰጣለን። ተለኩ ስንባልም ብዙዎቻችን ቀኛችንን እንዘረጋለን። ከቀኝ መጀመሩ መልካም ነው፤ በቀኝ ብቻ መጨረሱ ግን ለዚህ ጉዳይ አይበቃም።

በትክክል እንዴት ይለካ?

መሣሪያ በቤታቸው ያላቸው ወይም በልጆቻቸው የሚለኩ ሰዎች የሚከተለውን ቢያስተውሉ ይጠቅማቸዋል።

1. ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና አይጠጡ፣ ጫት አይቃሙ፣ ሲጋራ አያጭሱ፣ ከባድ ሥራም አይሥሩ።

2. ሽንትዎን ይሽኑ። ከዚያም 5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። ከሶላት በኋላ ለዚክር የምንቀመጥበት ያህል ጊዜ ማለት ነው።

3. ጀርባዎን ያስደግፉ፣ ሁለቱንም እግርዎን መሬት ያስረግጡ፣ እግር አያጣምሩ። ክንድዎ በጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

4. መለኪያው ለክንድዎ ውፍረት የሚመጥን ይሁን። ለወፍራም ክንድ ትንሽ ጨርቅ ከታሰረ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይጨምራል። በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ በላይኛው ክንድ የሚታሰረው ይታመናል።

5. በመጀመሪያ ቀኝ፣ ቀጥሎ ግራ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ግራ ይለኩ። በሚለኩበት ጊዜ አይናገሩ።

6. አራቱንም ቁጥሮች ከቀኑና ከክንዱ ጋር ይጻፉ። በሌላ ቀንም ደግመው ይለኩ።

በኩላሊት እጥበት ምክንያት በክንዳቸው የተሠራ የደም ሥር ያላቸው፣ ወይም በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ምክንያት «በዚህ ክንድ አትለኩ» የተባሉ ሰዎች ግን የሐኪማቸውን ቃል ይጠብቁ።

ልዩነት ከተገኘስ?

ልዩነቱ ከ10 በታች ከሆነ ምንም አያሳስብም። ከ10 በላይ ሆኖ ከተደጋገመ ከፍ ያለውን ክንድ መለያ አድርገው ለሐኪም ያሳዩ። ሐኪሙም ስኳርን፣ ኮሌስትሮልን፣ የኩላሊትን ሁኔታና የእግርን የደም ምት መመርመሩ ተገቢ ነው፤ የክንድ ቧንቧ ከጠበበ ሌሎችም ሊጠቡ ይችላሉና። ልዩነቱ 15 እና 20 ሲደርስ ወደ ሆስፒታል ሄዶ መታየት ይገባል። ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ወይም ደስ የሚያሰኘውን ዝቅተኛውን መርጦ መያዝ ትክክል አይደለም። ሁለት ሚዛን ይዞ እንደ ደንበኛው የሚቀያይር ነጋዴን እናወግዛለን። በራሳችን ጤና ላይ ሁለት ሚዛን መያዝም ያው ነው።

በወጣት ሴቶች ላይ ልዩነቱ ሲታይ ሐኪሞች የሚያስቡት አንድ ሌላ በሽታ አለ። ታካያሱ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ በሽታው ካሳወቀው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነው። ትላልቅ የደም ቅዳዎች ቆስለው የሚጠቡበት ሕመም ሲሆን፣ የአንዱ እጅ የደም ምት እስኪጠፋ ድረስ ሊያደርስ ይችላል። ልብስ ሲያጥቡ ወይም ሲወቅጡ አንድ ክንዳቸው ብቻ ቶሎ የሚዝልባቸው፣ ወይም ክንዳቸውን ሲያሠሩ ራሳቸውን የሚያዞራቸው ሰዎች «ድካም ነው» ብለው ሊተዉት አይገባም።

በድንገት የሚሰነጥቅ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም ከተነሣና የሁለቱ ክንዶች ቁጥር በእጅጉ ከተራራቀ ታላቁ ደም ቅዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ የማይሰጥ ነው። የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መያያዝም እንዲሁ። በእነዚህ ጊዜያት ዋግምትም ሆነ ሌላ ነገር እየሞከሩ ሰዓት ማባከን አይገባም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ከማዕዳችን የሚጀመረው

ቧንቧ የሚጠበው በአንድ ቀን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። እኛ ግን ወጡን ጨው እንጨምራለን፣ በርበሬና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ቡናውንም በጨው የሚጠጡ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱንም በጨው የሚጠጣ ሰው «ጨው አልበላም» ቢል ሒሳቡ አይገጥምለትም። ቡናውን ያለ ጨው መልመድ ይቻላል። ጫት ደግሞ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ሲጋራ ከሁሉም በላይ ቧንቧን ያጠባል። በአንጻሩ የሀብሩ መስኖ የሚያበቅላቸው ፍራፍሬና አትክልት፣ ምስርና ባቄላ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ቧንቧን ይጠብቃሉ። ለሱብሒና ለዒሻ ወደ መስጊድ በእግሩ የሚሄድ ሰው የዚህን ድርሻ ይዟል።

ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባለው ወር ደግሞ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ሐኪማቸውን ማማከር ይገባቸዋል። የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሑር ሊዛወር የሚችለው በሐኪም ምክር ነው። ለዚህም ሲሄዱ በሁለቱም ክንዶች እንዲለኩ ቢጠይቁ ሁለቱ ጉዳይ በአንድ ጉዞ ያልቃል።

ማን ምን ያድርግ?

በእኔ እምነት ይህ ጉዳይ ለጤና ቢሮ ብቻ የሚተው አይደለም። ቅሬዎቻችን ለሐዘን ድንኳንና ድስት ይገዛሉ። በዚያው መዋጮ አንድ የታመነ የክንድ ግፊት መለኪያ ገዝተው፣ የሠለጠነ የሰፈር ልጅ መድበው አባላቱን በየተራ በሁለቱም ክንዶች ቢያስለኩ፣ ከሚያስተክሉት ድንኳን ጥቂቱን ባስቀሩ ነበር። ኢማሞቻችንም ከጁምዓ በኋላ ሁለት ቃል ቢናገሩ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ የጤና ጣቢያ ነርሶች አዲስ ካርድ ሲከፍቱ፣ «ቀኝ ይህን ያህል፣ ግራ ይህን ያህል» ብለው ቢጽፉ ቀሪው ሥራ ቀላል ይሆናል።

ልጆችም ወላጆቻቸውን ይዘው ሲሄዱ በትሕትና «እባክዎ፣ ሁለተኛውንም ክንዳቸውን ይለኩልን» ቢሉ ነውር የለውም። ባለሙያን መድፈርም አይደለም።

«ሁሉም በአላህ እጅ ነው» የሚል ወንድም ካለ፣ እውነቱን ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር ትቶ በአላህ ተመካሁ ለማለት ለፈለገው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡትን ምክር እናውቃለን። አካላችን አማና ነው፤ የተሰጡንም ክንዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላውንም መስማት ከአማናው ጥበቃ ይቆጠራል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋእ፣ ለጤነኞቹ ጥንቃቄ ይስጠን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።